የጋሽ ዝምታ መሣሪያ

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «እትዬ ካውያ» ይላታል። ዕድሜዋን የፈጀችው የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ነው። አንገትጌውን አይታ ባለቤቱ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ቸኩሎ የሚለብስ ይሁን ተረጋግቶ ታውቃለች፤ ፊቱን ግን አይታ አታውቅም። አላገባችም። «ማን ጠይቆኝ» ትላለች፣ እንደ ቀልድ። ያለቻት የወንድሟ ልጅ ናት፤ እሷም ሌላ ከተማ ስለምትሠራ ብቅ የምትለው ሲመቻት ነው።

የምትኖርበት ፎቅ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ክፍሏ አንዲት። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ይኖሩ ነበር። ከሰላምታ በቀር ቃል ስለማይወጣቸው የሕንፃው ሰው «ጋሽ ዝምታ» ብሎ ሰየማቸው። አነጋገራቸው የሩቅ አገር ሰው መሆናቸውን ያሳብቃል፤ የየት እንደሆኑ ግን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትገባ ከግድግዳው ማዶ የክር መሣሪያ ድምፅ ይሰማታል። ትንሽ ይመቱና ዝም ይላሉ። እንደገና ይመቱና ዝም። «ምነው አንዲት ዜማ አልያዝ አለቻቸው» እያለች ታዝንላቸው ነበር።

አንድ ክረምት ሳል ያዛቸው። ሐኪም ቤት እንደገቡ በዚያው ቀሩ። ቀብራቸው ላይ የቆሙት አከራይዋ፣ ከሱቃቸው አጠገብ የሚሠራ ጫማ ሰፊና እትዬ ካውያ ብቻ ነበሩ። ያለቀሰ የለም። እሷን እንባ ቢተናነቃትም «ምኔ ናቸውና» ብላ ዋጠችው።

ክፍሉ ሲጸዳ አከራይዋ በር ላይ ጠራቻት። «ወራሽ የለ፣ ጠያቂ የለ። ዕቃውን ለሚፈልግ ሰጠሁ። ይቺን እንጨት ግን ምን ላድርጋት? ትወስጃታለሽ?»

ወሰደቻት። ሆዷ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ አንገቷ ረጅም፣ ጫፏ ላይ የወፍ ራስ የተቀረጸባት ባለ ክር ዕቃ ናት። ሆዷ ላይ ከክሮቹ በታች እንጨቱ ተልጦ ሰርጉዷል። እትዬ ካውያ እያገላበጠች አሰበች፤ ዕቃዋ የየት እንደሆነች ከታወቀ ጋሽ ዝምታም የየት እንደሆኑ ይታወቃል። መርዶ የሚነገረው ሰው ይኖራቸው ይሆናል።

መጀመሪያ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ወሰደቻት። ሻጩ ከፍ ዝቅ አድርጎ አያትና «ጊታር ልትሆን አስባ ሐሳቧን የቀየረች ናት። ግድግዳ ላይ ስቀያት፣ ታምራለች» አላት።

ቀጥላ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄደች። በሩ ላይ ዘበኛው በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለውን ነገር አይቶ «ምንድን ነው የያዝሽው?» አላት።

«መሣሪያ።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «የምን መሣሪያ?»

«እሱን ልጠይቅ እኮ ነው የመጣሁት።»

ፈትሾ፣ ስቆ አስገባት። መምህሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦላት ዕቃዋን በቀስታ መረመረ። «እናቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፣ አላውቃትም። ይቺ የሰረጎደች ቦታ ደግሞ ብልሽት ትመስለኛለች። ግን ፎቶ ላንሳና ለማውቃቸው ሰዎች ልላክ።»

እስኪደውል ድረስ ዕቃዋን ክፍሏ ውስጥ ካለው ሁለተኛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። የሚቀመጥበት ሌላ ሰው አልነበረም። ባዶው ክፍል ለአንድ ወጣት ተከራየ፤ አሁን ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው የቴሌቪዥን ጫጫታ ነው።

ተስፋ ከቆረጠች በኋላ መምህሩ ደወለ። ለዝግጅት የመጣች አንዲት ዘፋኝ ፎቶውን አይታ ዕቃዋን ካላየሁ አልሄድም ብላለች። እትዬ ካውያ ይዛላት ሄደች። ዘፋኟ እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀበለቻት።

«የኛ የወንዝ ዳር ሰዎች ናት» አለች። «ለብቻ አትመታም። አንዱ ክሩን ይመታል፣ ሌላው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሆዷን በቀጭን ዘንግ ይመታል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይገባል።» የሰረጎደውን ቦታ ዳበሰችው። «እዚህ ድረስ የመታ ሰው ለዓመታት አብሯቸው የተቀመጠ ነው።»

እትዬ ካውያ ከግድግዳው ማዶ የምትሰማው ትዝ አላት። እነዚያ ጋሽ ዝምታ ዝም የሚሉባቸው ቦታዎች የሌላ ሰው ተራ ነበሩ። አንሶላውን ማጣጠፍ ጀመረች።

«የወፏ ራስ የቤተሰብ ምልክት ናት» አለች ዘፋኟ። «ጠይቄ አገኛቸዋለሁ። ዕቃዋን ግን እርስዎ ጋ—»

«ይዘሻት ሂጂ፣ ልጄ። እኔ ጋ ወንበር ይዛ ከመቀመጥ በቀር ምን ትሠራለች?»

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲጠና ስልኳ ጮኸ። ዘፋኟ ናት። የጋሽ ዝምታ እህት በሕይወት አሉ፤ ዘንግ መቺዋም እሳቸው ናቸው። ወንድማቸው በጎልማሳነቱ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ፣ እመለሳለሁ እንዳለ ቀረ። «አጠገቤ ናቸው» አለች ዘፋኟ። «መርዶውን ነግሬያቸዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ነበር እያሉ ነው፤ እኔ አስተረጉማለሁ።»

እትዬ ካውያ ጨነቃት። ስለሳቸው ምን ታውቃለች? «ሸሚዛቸውን ራሳቸው ነበር የሚተኩሱት» አለች። «አልችልበትም ብለው አያውቁም እንጂ አይችሉበትም። የግራው እጅጌ ሁልጊዜ ሁለት መስመር ነበረው።»

ዘፋኟ ስትተረጉም ከወዲያ የአሮጊት ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። እትዬ ካውያም ቀብሩ ላይ የዋጠችውን እንባ ያኔ አወጣችው።

«ሌላስ? ይላሉ» አለች ዘፋኟ።

«ደረጃውን ሲጠርጉ የኔንም በራፍ ይጠርጉ ነበር። አንድ ቀን አላመሰገንኳቸውም፤ ስወጣ ተጠርጎ ነው የማገኘው።»

ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ በእረፍት ቀን ይደውላሉ። ዘፋኟ ሁልጊዜ አትኖርም፤ ሳትኖር ሁለቱን የሚያግባባቸው ቋንቋ የለም። ደህና ነሽ የሚለውን ቃል ተማምረዋል። እሱን ከተባባሉ በኋላ የሚሉት ያጣሉ፤ ስልኩን ለመዝጋት ግን አይቸኩሉም። እትዬ ካውያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከታለች። ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ፣ በር ሲጥ ሲል፣ አሮጊቷ ሲተነፍሱ ይሰማታል።