የአንበሴ ገመድ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አልነገርሁም፤ ለሚስቴም አልነገርሁም። እኔ ራሴ ቄስ ነኝ፤ የስንቱን ሰው ኃጢአት ሰምቼ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብያለሁ። የራሴን ግን ይዤው አረጀሁ። እስቲ እናንተ ስሙኝ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ጎንደር ውስጥ ዲያቆን ነበርሁ። ጎረቤታችን አያ ውበቱ ሚስቱንም ልጁንም በጦርነቱ ያጣ ሰው ነው። የቀረው አንበሴ የሚባል ውሻው ብቻ ነበር። ስሙ አንበሴ ይሁን እንጂ ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ፈሪ ነበር።

አንድ ዓመት ለዘውድ በዓል ፒያሳ ላይ ርችት ይተኮሳል ተባለ። በዚያው ሰሞን የአያ ውበቱ እህት ድብ ባሕር በምትባል አገር አረፈች። ለለቅሶ በጭነት ማኪና ሊሄድ ሲል ጠራኝ።

"ልጄ፣ ርችቱ ሳይጀመር አንበሴን ቤት አስገባልኝ። መስኮቱን ዝጋና ይሄን ጋቢዬን አልብሰህ አጠገቡ ተቀመጥ። ሰው ካለ አይፈራም።"

እሺ አልሁ።

እሺ አልሁ እንጂ አላስገባሁትም። ግቢው ውስጥ፣ ከድንጋይ ካቡ አጠገብ ካለችው ወይራ ላይ አሰርሁት። ነገ ቀዳሽ ነኝ፤ ውሻ ታቅፌ አምሽቼ እንዴት መቅደስ እገባለሁ? አልሁ ለራሴ። ሸጋ ምክንያት! ውሸቴን ነው። ርችት አይቼ ስለማላውቅ ማየት አምሮኝ ነው። ሄድሁ። ሰማዩ ቀይና አረንጓዴ ሲሆን እንደ ልጅ አጨበጨብሁ። አንበሴን አንዴ እንኳ አላሰብሁትም።

ስመለስ ካቡን ዘሎ ሊያመልጥ ሲል ገመዱ አንቆት በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥሏል። እግሩ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ማን አሰረው? እኔ። ገመዱን ማን አሳጠረው? እኔ። ለንጽሕናዬ ብዬ አልነካም ያልሁትን ውሻ፣ በድኑን ታቅፌ ቀሃ ወንዝ ገደል ጣልሁት። ጠዋት በዚያው እጄ የቅዳሴውን ጽዋ ያዝሁ።

አያ ውበቱ ሲመለስ "ገመዱን በጥሶ ጠፋ" አልሁት። እስከ አዘዞ ድረስ እየተጣራ ፈለገው። በሩን ሳይዘጋ ማደር ጀመረ። "ምነው አልመጣ አለ? ቤቱን እኮ ያውቃል" አለኝ አንድ ቀን።

ኋላ ጥርጣሬው ሌላው ጎረቤታችን፣ ሸማኔው ቢተው ላይ አረፈ። ቢተው አንበሴ በጎቹን ስላባረረበት "መርዝ አበላዋለሁ" ብሎ ዝቶ ነበር። ቢምል ቢገዘት አያ ውበቱ አልሰማውም፤ ሰላምታ ነሳው። ቢተው ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልተገኘም። ቅስና ተቀብዬ ነበርና ፍትሐቱን ያደረስሁ እኔ ነኝ። በሬሳው ፊት ቆሜም ዝም አልሁ።

አያ ውበቱ በስተርጅናው ንስሐ አባት አደረገኝ። በአንድ ዓቢይ ጾም መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ።

"አባ፣ ቢተውን ጠልቼው ኖርሁ። ለአንድ ውሻ ብዬ ከክርስቲያን ቀብር ቀረሁ። ያልገደለው እንደሁስ?" ብሎ አለቀሰ።

የንስሐ ልጅን ቃል ማውጣት ሌላ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ይጨመርብኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርሁም፤ ለክብሬ ፈራሁ። ቀኖና ሰጠሁት፤ አርባ ስግደት። በእኔ ውሸት ሰው ስለጠላ፣ እኔው አርባ ስግደት ፈረድሁበት! ያ ሽማግሌ በታመመ ጉልበቱ ሲሰግድ ቁጭ ብዬ ቆጠርሁ። ሲጨርስ ግድግዳ ይዞ ተነሣና እጄን ስሞ አመሰገነኝ።

በዓመቱ ሞተ። ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም እኔው ፈትቼ ቀበርኋቸው።