የሰሚራ ቀይ ጠርሙስ

ሰሚራ ሞተች አሉኝ። አላመንኩም። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ወንድሟ አንስቶ አለቀሰ። ይኸው አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቋት፦ ሰሚራ ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ጎን ለጎን አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ናት። ከባክቴሪያ በምታወጣው ፕሮቲን በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ትሠራ ነበር። ወርቅ እንደዚያ ሲደቅ ውሃውን ቀይ ያደርገዋል። ፕሮቲኑ እያንዳንዷን ቅንጣት ካልሸፈናት ግን እርስ በርስ ይጣበቁና ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፤ በቃ አበቃለት።

ሰው ቶሎ አታምንም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሷን። ውጤት አገኘሁ ብዬ ስፈነጥዝ "አንዴ የሆነ ነገር አልሆነም" ትለኝና ወደ ጠረጴዛዬ ትመልሰኛለች። እንዴት እንደምታናድደኝ!

ከዚያ ቀይ ውሃ አንዱን ጠርሙስ ወስዳ አዲሱ ገበያ ባለው የአባቷ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። "ፍሪጅ ውስጥማ ምን ይበላሻል?" ብላ። ሙቀቱንና ፀሐዩን ይችል እንደሆነ ልታይ ነው። አባቷ ሽቶ መስሏቸው ለአንዲት የሙሽራ እናት ሊሸጡት ሲሉ ሰሚራ ደረሰች። ስምንት ወር ሙሉ ቀለሙ ንክች አላለም።

ያኔ ከክፍላችን አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ "ባክቴሪያና ወርቅ ምን አገናኛቸው?" ብሎ ስቆባት ነበር። ዛሬ ፌስቡክ ገጹ ላይ "የጋራ ሥራችን" ብሎ ጽፏል። ከመቼ ወዲህ?

ለቅሶ ቤትም መጣ። ወንዶቹ ከቀብር ሳይመለሱ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ "የሥራ ደብተሯ የት ነው?" አለኝ። ለማስታወሻ ፈልጎት ነው አሉ። ለማስታወሻ ፎቶ አይበቃም?

"አላውቅም" አልኩት። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሆስፒታል ስትገባ በእጇ የሰጠችው ለእኔ ነው። ምናልባት በከንቱ ጠርጥሬው ይሆናል። ግን እያወራኝ ዓይኑ ከቦርሳዬ አልተነቀለም።

ልወጣ ስል ከቀብር የተመለሱት አባቷ ጠሩኝ። "ልጄ፣ ያ የደከመችበት ነገር ይታተማል ብላኝ ነበር። ስሟ አለበት?"

"አለበት፣ አባባ" አልኳቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ።

ሰሚራዬ፣ ሥራሽ ገና የትም አልተላከም። ስምሽ ያለው ደብተርሽ ላይ ብቻ ነው። አባትሽን በለቅሶሽ ቀን ዋሸኋቸው፣ ይቅር በይኝ። አላህ ይዘንልሽ፣ እህቴ። አንቺ ዕረፊ፤ ውሸቴን እኔ እውነት አደርገዋለሁ።