በሺህ የተካፈለው ፋብሪካ

ቢሮ ውስጥ እትዬ ሺህ ይሏታል። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ወጣቶቹ ናቸው፤ እሷም አልጠላችውም። የምትሠራው በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ የውጭ ባለሀብት ድርሻ ያለባቸውን ድርጅቶች በየሩብ ዓመቱ በሚጠይቀው ክፍል ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ውጭ አገር ካለው ባለቤታችሁ ምን ያህል ገንዘብ ገባ? ምን ያህል ወጣ? የገባው በአክሲዮን ነው ወይስ በብድር? ትልልቆቹ ድርጅቶች አንድም ሳይቀር ይጠየቃሉ። ከትንንሾቹ ግን ጥቂቶቹ በዕጣ ይመረጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ለራሱም፣ ላልተጠየቁት መሰሎቹም ይናገራል። አንዱ ትንሽ ድርጅት የሃያ ትንንሾች አፍ ነው። እሱ ከተሳሳተ ሃያውም አብረው ይሳሳታሉ።

በቅጹ አናት ላይ በደማቅ ቀለም «አኃዙ በሺህ ይሞላ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ዜሮ ቀንሳችሁ ጻፉ ማለት ነው። ሒሳብ ሹሞች ግን ሰዎች ናቸው፤ ባንድ ጆሯቸው ስልክ ይዘው፣ ባንድ ዓይናቸው ሰዓት እያዩ ይሞላሉ። አንዳንዱ ዜሮዎቹን ሳይቀንስ ይልካል። ያን ጊዜ አንዲት የሻማ ማምረቻ በወረቀት ላይ አገር የምትገዛ ትሆናለች።

እትዬ ሺህ እንዲህ ያለውን ስህተት ለዓመታት በዓይኗ ስትለቅም ኖረች። በኋላ ሥራውን ለኮምፒውተር አስተማረችው። አንድ ድርጅት የላከው አኃዝ ካለፈው ጊዜ ሺህ እጥፍ ገደማ ሆኖ ከተገኘ ዜሮ መቀነስ ረስቷል ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ በሺህ ያካፍለዋል። ደንቡ ብዙ የስልክ ጭቅጭቅ አስቀረ። ሲዘገይ የኖረው ሪፖርትም በቀኑ መውጣት ጀመረ።

ልማዱ ቤቷም ገባ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲያወራ ጨው መጨመር ይወዳል። ማታ ኮቱን ሳያወልቅ «ዛሬ ሚሊዮን ሰው ስጭን ዋልኩ» ካለ፣ እሷ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም «በሺህ አካፍለው» ትለዋለች። ብዙ ጊዜ የሚወጣው መልስ ለአንድ አውቶቡስ የቀን ተሳፋሪ ልክ ነበር። ባልየው የመንግሥት ሠራተኛ አግብቶ ወሬው ሁሉ ኦዲት እንደሚደረግበት ለጓደኞቹ ያማርራል። ያማረረ መስሎ መኩራራቱ ነው። ሚስቱ የአገሩን የውጭ ገንዘብ ትቆጥራለች ይላቸዋል። አንድ ቀን መቁጠር ሳይሆን መገመት ነው ብላ ብታርመው ትንሽ አሰበና፣ እሱማ የባሰ ችሎታ ይፈልጋል አላት።

ዘንድሮ ደንቧ ከክፍሏ ሊወጣ ነበር። የንግዱም፣ የፋብሪካውም፣ የግንባታውም ጥናት እንዲጠቀምበት ታስቦ፣ አኃዝ የሚያጣራ አዲስ ክፍል ሊቋቋም፣ እሷም ኃላፊው ልትሆን ነበር። የቀረው ደንቡን በሥራ አመራሩ ፊት ማስረዳት ብቻ ነው። በሥራ ዘመኗ ምንም ነገር መርታ አታውቅም። ያሠለጠነቻቸው ልጆች እየቀደሟት አለቃ ሲሆኑ፣ እሷ እንኳን ደስ አላችሁ ስትል ቆይታለች። ይህን ወንበር ትፈልገዋለች። መፈለጓን የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ ለአውቶቡስ ጋራዡ ሁሉ አዳረሰው።

በዚያው ሰሞን ባልየው አዲስ እሮሮ ያዘ። ከከተማው ዳር፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ የጭነት መኪና ሞልቶ አውቶቡሱን ማዞሪያ አጣ።

«ሺህ መኪና ቆሟል» አለ።

«አንድ መኪና ማለት ነው» አለች።

በማግስቱም ሺህ መኪና ነበር፤ እሷም አካፈለች። እንዲህ እየሆነ ሰነበተ። አንድ ማታ ባልየው ማንኪያውን አስቀመጠ። አልሳቀም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሌላውን ሁሉ አካፍይ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ይሄን ግን መጥተሽ እዪልኝ።»

ማዘኑ ስለገባት ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ዞር እያለ ሊያወራት ሲል፣ ከሹፌር ጋር መነጋገር ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ በጣቷ ታሳየዋለች። ተሳፋሪው በሁለቱ ሳቀ።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሺህ መኪና አልነበረም። ቢሆንም ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች አጥሩን ይዘው እስከ መታጠፊያው ተሰልፈዋል፤ አውቶቡስ ቀርቶ ብስክሌት ማዞር ያስቸግራል። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ዝገት የበላው የቆርቆሮ መጋዘን ይታያል። ከጀርባው፣ ከጎኑ፣ እስከ ወንዙ ድረስ አዲስ የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ ክሬኖቹ ይዞራሉ። በሩ ላይ የተሰቀለውን የድርጅቱን ስም አነበበች። የጠርሙስ ክዳን የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። ታውቀዋለች። ባለፈው ሩብ ዓመት ኮምፒውተሩ ካካፈላቸው መካከል ስሙን አይታ ፈገግ ብላ ነበር፤ ያ ሒሳብ ሹም ደግሞ ዜሮውን ረሳ ብላ።

«እህስ? ተካፈለልሽ?» አላት ባሏ በመስታወቱ እያያት።

ድርጅት ለመሥሪያ ቤቱ የነገረው ነገር ለባልም አይነገርም፤ ሕጉ ነው፤ ሆድ ይፍጀው። ራሴን አመመኝ አለችው። ሰውየው ያሳመማት የእሱ መንገድ መስሎት ደነገጠ። ሲመለስ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነዳ። ቸኩሎ የሚያጉረመርመውን ተሳፋሪ ታማሚ መያዙን እየነገረ ዝም አሰኘው።

በማግስቱ ጠዋት ለክዳን ፋብሪካው ሒሳብ ሹም ደወለች። አኃዙን ስታነሳለት ሰውየው ተነፈሰ።

«እመቤት፣ በሺህ ሙላ አላችሁኝ፣ በሺህ ሞላሁ። ድሮ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ስለወቀሳችሁኝ፣ ይሄን ደጋግሜ አይቼ ነው የላክሁት። ደግሞ አጠፋሁ?»

«አላጠፉም» አለችው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ውጭ ያለው ባለቤት ያን ክዳን ፋብሪካ ለአካባቢው አገሮች ሁሉ ማምረቻ ሊያደርገው ወስኖ ነበር። ሺህ እጥፉ እውነት ነው። ገንዘቡ ገብቷል፤ የእሷ ደንብ ግን ከሪፖርቱ አውጥቶ ጥሎታል። በዚያ ሪፖርት የውጭ ኢንቨስትመንት በሩብ ዓመቱ ቀነሰ ተብሎ ወጥቷል። ባለሥልጣናት ለምን እንደቀነሰ ማብራሪያ እየሰጡበት ነው።

ይህን ይዛ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች፤ ድሮ ያሠለጠነችው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘጋና፣ ዓመታዊው ክለሳ ሲመጣ ከሌሎቹ እርማቶች ጋር ቀላቅለን እናስገባዋለን አላት። የደንቡ ገለጻ ተነገ ወዲያ ነው፤ አሁን ይሄ ከተነሣ ደንቡም ይወድቃል፣ ክፍሉም፣ ወንበሩም።

«ማንም አልጠየቀም እኮ፣ እትዬ።»

«ልጄ፣ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» አለችው። «ሌላ ሰው ጎትቶ ከሚያወጣው እኔ ላውጣው።»

ዳይሬክተሩ አንድ የመጨረሻ መከላከያ ነበረው። ድርጅቱ በዕጣ የተመረጠ ትንሽ ነው፤ እውነተኛው አኃዝ ቢመለስ ለሃያ መሰሎቹ ይባዛል። አገሩ ውስጥ የሌሉ ሃያ ግዙፍ የክዳን ፋብሪካዎች ይወለዳሉ። ያኛው ውሸት በዚህኛው ይተካል ማለት ነው። እሷ ግን ይሄን ስታስብበት ነበር ያደረችው።

«ከእንግዲህ ትንሽ አይደለም። ከትልልቆቹ ጋር ይቆጠር፤ ለራሱ ብቻ ይናገር። ለትንንሾቹ የቀሩት ትንንሾች ይናገሩላቸው።»

ዳይሬክተሩ ሳይወድ ሳቀ። እሷ ስታስተምረው የሚፈራት እንዲህ ስትናገር ነበር።

በገለጻው ቀን የድርጅቱን ማንነት ሳታነሳ ደንቧ የሠራውንም ያጠፋውንም ተናገረች። የንግድ ጥናቱ ኃላፊ፣ ደንብሽ ስንቱን እንዲህ በልቶታል ብሎ ጠየቃት። በደንቡ የተካፈሉትን ድርጅቶች ሁሉ መልሳ ደውላላቸው ነበር። አብዛኞቹ በእውነት ዜሮ የረሱ ናቸው፤ አንድ ሌላ ግን ያለ ጥፋቱ ተካፍሎ ተገኘ። እሱንም ተናገረች። ስብሰባው ደንቡ እንደገና ይጠና ብሎ ተነሣ። ክፍሉ ከወራት በኋላ ተቋቋመ፤ ወንበሩ ለንግድ ጥናቱ ሰውዬ ተሰጠ። ሥራ የሚያውቅ፣ ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለህ አለችው።

የተስተካከለው አኃዝ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር ወጣ። ቀነሰ የተባለው ጨምሯል። አንድ ጋዜጠኛ ደውሎ የኅትመት ስህተት ነው ወይ አላት። አይደለም፣ ስህተቱ የፊተኛው ነው አለችው። ዜናው አልወጣም።

ደንቡ አሁንም ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሺህ እጥፍ ሲያይ ግን አያካፍልም፤ የድርጅቱን ስልክ ያወጣላታል። እትዬ ሺህ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ጆሮዋ ቀልቶ ትውላለች። ሪፖርቱ ሁለት ቀን ይዘገያል። ወጣቶቹ ያጉረመርማሉ፣ ግን ይደውላሉ።

ባሏ ወንበሩ ለምን እንዳመለጣት ሲጠይቃት መሐሉን መንገር አልቻለችም።

«አንድ ነገር ሳልጠይቅ አካፈልኩ» አለችው።

ሰውየው ገባውም አልገባውም። እሱን ያስጨነቀው ጋራዡ ነበር፤ አለቃ ሆነች ብሎ ያወራውን እንዴት ይመልሰው? በመጨረሻ ወንበሩን ሰጧት፣ ጠቧት መለሰችው ብሎ አስተካከለ። የከሰሰውና ያስተባበለው የለም።

ከዚያ በኋላ አንድ ማታ እንደ ልማዱ ኮቱን ሳያወልቅ ገባ።

«ዛሬ መቶ ሺህ ሰው በአንድ ፌርማታ ጠበቀኝ» አለና፣ እስክታካፍልለት ቆሞ ጠበቀ።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን ጠረገችና ወንበር ሳበችለት።

«የትኛው ፌርማታ?» አለችው።