አጎቴ የቆመበት የአስመራ ጎዳና

ያደግሁት የአባቴ ታናሽ ወንድም በወታደር ልብስ የተነሳው ፎቶግራፍ በተሰቀለበት ቤት ውስጥ ነው። ከጀርባው ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ ጎዳና፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻና አንዲት ነጭ አውቶሞቢል ይታያሉ። አስመራ ነው ይባል ነበር። አጎቴ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ከእሱ የቀረን ይህ ፎቶ ብቻ ነው።

አክስቴ፣ የሁለቱም እህት፣ ይህን ፎቶ ይዛ ዓመታት ጠይቃለች። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ ከአስመራ የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማችን በከሚሴ በኩል ሲያልፉ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ፎቶውን ወደ መስኮቱ ትዘረጋለች። "ይችን ጎዳና ታውቋታላችሁ? እዚህ የቆመውንስ ልጅ?" አንዱ ጎዳናውን አውቀዋለሁ ይላታል፤ ሌላው እንዲህ ያለ ሕንጻ አስመራ የለም ይላታል። እሷ የምታምነው የመጀመሪያውን ነበር። አባቴ አንድም ቀን አብሯት ቆሞ አያውቅም። ሐዘኑ ጠንቶበት ይመስለኝ ነበር።

ካደግሁ በኋላ ፎቶ ማደስ ጀመርኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ዋናው መንገድ ዳር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ስካነር ነበሩኝ፤ የተቀደደ፣ ውሃ የነካው፣ ምስጥ የቀመሰው ፎቶ ሲመጣልኝ ነጥብ በነጥብ እሞላለሁ። የአጎቴ ፎቶ በእጅ ብዛት ጠርዙ ስላለቀ እሱንም ላድሰው ብዬ ወሰድኩት።

አጉልቼ ሳየው ሰማዩን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ የእጥፋት መስመር አለ። ወረቀቱ ታጥፎ እንደሆነ ብዬ ዋናውን በጣቴ ዳሰስኩት። አልታጠፈም። የዘንባባዎቹ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል፤ የአጎቴ ጥላ ግን በስተቀኝ፣ ሕንጻው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አርፏል። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ አስፋልቱ አራት ማዕዘን እራፊ ተጥፎበታል። አስፋልት በመርፌ አይጠገንም።

ጎዳናው የተሳለበት የፎቶ ቤት መጋረጃ መሆኑ ገባኝ። ቢሆንም አስመራ ውስጥም ፎቶ ቤት አለ ብዬ ተውኩት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንዲት ሴት ከጨፋ ሮቢት የልጆቿን የድሮ ፎቶ ይዛልኝ መጣች። ያው ዘንባባ፣ ያው እራፊ።

"ይሄ የት የተነሳ ነው?" አልኳት።

"የት ይሆናል? እዚሁ ከሚሴ ነዋ! ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሽማግሌው ዘንድ። ለዒድ አዲስ ልብስ አልብሰናቸው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጎቴን ፊት ጠረጠርኩት። የወታደር ልብሱን ያገኘው ማሠልጠኛ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ለብሶት ከሚሴ ተመልሷል ማለት ነው። ከእህቱ ቤት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ፣ እሷን ግን ሳያይ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሽማግሌው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። "አካም ጅርታ፣ አባባ" ብዬ ገብቼ ፎቶውን ከኪሴ ሳወጣ፣ ሳያዩት "ማን ላከህ?" አሉኝ።

"ማንም አልላከኝም።"

"እሱ ማንም የምትለው ብዙ ሰው ልኮብኛል። እኔ ወታደር አንስቼ አላውቅም።"

"እራፊውስ?"

ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "እራፊውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ፍየል በልታው።" ከዚያ ፎቶውን መለሱልኝ። "በል፣ የቀረውን አባትህን ጠይቅ።"

"አባቴን ያውቁታል?"

"ማሾውን ይዞ መብራት ያበራልኝ ማን መሰለህ?"

አባቴ አጉልቼ ያተምኩትን ሲያይ መጀመሪያ በሩን ዝጋው አለኝ። ያ መንግሥት ከወደቀ ስንት ዓመቱ!

እሱ እንደነገረኝ፣ አጎቴ ከግንባር ኮብልሎ ጨፋ፣ የማሽላ እርሻ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተደብቋል። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። አባቴን ጠርተው ልጁን ካላመጣህ በእሱ ፈንታ አንተ ትሄዳለህ አሉት። "ልጁ አስመራ ነው፣ ፎቶ ልኮልናል አልኩ። ፎቶ ግን አልነበረኝም" አለ አባቴ። ያን ዕለት ምሽት ሽማግሌው ዘንድ ይዞት ሄደ። ፎቶው የገባ የወጣው እንዲያየው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አጎቴ ጅቡቲ እገባለሁ ብሎ ወደ አፋር ወረደ።

"ለአክስቴ ለምን አልነገርካትም?"

"እሷ ናፍቃው ካላለቀሰች ቀበሌው ያምነኛል?"

"መንግሥት ከተለወጠ በኋላስ?"

"እሱ ሲመጣ እሱ ይነግራታል ብዬ ነው።"

ምን ያህል ጊዜ እንደተደበቀ መልሼ ስጠይቀው ሦስት ሳምንት ያለው አንድ ወር ሆነ። የቀረውን ሁሉ ላምነው አልቻልኩም፤ ላስተባብለውም ማስረጃ የለኝም።

ለአክስቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። አባቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ነበር። አላለቀሰችም።

"አንተ" አለችው፣ "በየአውቶቡሱ መስኮት ስንጠለጠል እያየኸኝ?"

"አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ እህቴ።"

"እሱ ሲገኝ አፉ እልሃለሁ።"

ወደ እኔ ዞረች። "ጎዳናውን አጥፋልኝ። ሰው ሁሉ ሕንጻውን እያየ ፊቱን አላይ አለኝ።"

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዘንባባውን፣ አውቶሞቢሏን፣ ሰማዩን አነሳሁና አጎቴን ነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን አተምኩት። ሰኞ ማለዳ፣ አፋሮች ግመል እየነዱ ወደሚመጡበት ወደ ባቲ ገበያ ፎቶውን ይዘን ለመሄድ ስንነሳ አባቴን ጫማውን አድርጎ ደጅ ቆሞ አገኘነው።

"እኔም ልምጣ" አላት።

"አንተ ቤት ጠብቅ" አለችው። "ድንገት ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?"