ለቀሲስ መልአኩ ያቀረብኩት ሥጋ

ከደሴ የወጣን ማታ ዝናብ ይጥል ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። ሻንጣው አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ተቀመጠችበት፣ ባለቤቴም ዚፑን ሳበ። ውስጡ እሷ የጠቀለለችልን ሁለት ኪሎ ቋንጣ ነበር። «እዚያ የሚበላ እስክታገኙ» አለችኝ። ልጃችን ማህሌት ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር፤ አያቷ እግር ሥር እንቅልፍ ወስዷታል። ዲቪ የደረሰው ለባለቤቴ ነው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ ብዬ አልዋሽም፤ እግዚአብሔር የከፈተውን በር አልዘጋም ብዬ ግን ወጣሁ።

ቋንጣው ዳላስ አልገባም። ኤርፖርቱ ውስጥ ጓንት ያጠለቀ ረጅም ሰው ሻንጣውን አስከፍቶ በሁለት ጣቱ አነሣው።

«ምንድን ነው?»

«ሚት» አልኩት።

«የምን እንስሳ?»

«ካው።»

«ማን አረደው?»

ባለቤቴ «ጎረቤታችን» አለው። ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ ጎረቤት የሚል ቦታ አልነበረውም። ቋንጣውን በርሜል ውስጥ ጨመረና በጨዋነት «ዌልካም» አለን። አልተቀየምኩትም። የጠየቀኝን ጥያቄ ግን እኔ መጠየቅ በነበረብኝ ቀን አልጠየቅሁም፤ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ሳክሲ የምትባል ጸጥ ያለች ሰፈር ውስጥ ከሚስ ሊንዳ ቤት ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራየን። ሚስ ሊንዳ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። እኔ ሪቻርድሰን አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው፤ በምልክት እንግባባለን። ሥጋ የምንገዛው ከሐበሻ ሱቅ ስለነበር የፈረንጅ ሥጋ ስም ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ተቃርቦ ነበር። አሳማ «ፒግ» እንደሚባል ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ደግሞ «ሃምና ቤከን እንዳትነኪ» ብለውኛል። ይበቃል መስሎኝ ነበር።

ወጥ በሠራሁ ቁጥር ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ሚስ ሊንዳ በነጠላ ጫማዋ ትመጣለች።

«ሃኒ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?»

«ሽንኩርት ነው።»

«ሽንኩርቱ ምን አደረገሽ?»

በመጨረሻ ተቆጥታ ታስወጣናለች ብዬ ስፈራ አንድ ቀን ከባድ ማሰሮ የመሰለ ነገር ታቅፋ መጣች። ውጭው የኤሌክትሪክ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ እኛ ድስት ሸክላ ነው። ስሎው ኩከር ይባላል። «ስጋባ የተሰጠኝ ነው» አለችኝ። «ጠዋት ጨምረሽበት ትሄጂያለሽ፣ ስትመለሺ በስሏል። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ።» እጇን ሳምኳት። እሷ ደነገጠች።

በፋሲካ ሳምንት የንስሐ አባታችን ቀሲስ መልአኩ ቤታችንን ሊባርኩልን ቀጠሮ ሰጡን፤ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ቅዳሜ ዕለት ሚስ ሊንዳ ይህን ከማህሌት ሰማች።

«ፓስተርሽ ሊመጣ ነው? ለፓስተርማ ጥሩ ሥጋ ነው የሚቀርበው» አለችና ለራሷ ለእሑድ ያሰበችውን በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ሥጋ አምጥታ ሰጠችኝ። «ሾልደር ነው» አለችኝ፣ የራሷን ትከሻ እየመታች።

እሑድ ንጋት ላይ፣ ለቅዳሴ ከመውጣታችን በፊት፣ ሥጋውን በሎሚ አጠብኩት። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ «ቦስተን በት» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቴን ጠየቅሁት።

«ቦስተን ከተማ ነው፤ ከዚያ በበረዶ መኪና ያመጡት ይሆናል።»

ሥጋው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ስቡ ነጭና ወፍራም።

«የጥጃ ነው» አለ ባለቤቴ። «የቦስተን ጥጃ ምን ሥራ አለበት፣ ይወፍራል።»

ሚስ ሊንዳ እንዳለችኝ ከሥር ሽንኩርት በወፍራሙ ቆርጬ አነጠፍኩ፤ ስቡን ወደ ላይ አድርጌ ሥጋውን አስቀመጥኩና ግማሽ ኩባያ ውሃ ብቻ ጨመርኩ። ስኳር አድርጊበት ያለችውን ተውኩት፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና የጥብስ ቅጠል አደረግሁበት። ቁልፉን «ሎው» ላይ አዞርኩ። ክዳኑን በከፈትሽ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ አትንኪው ብላኛለች። ወጥ ሳላማስል ጥዬ መሄድ ልማዴ አይደለም። በሩን ከቆለፍን በኋላ ተመልሼ በመስተዋቱ ክዳን አየሁት። እንደ ታመመ ሰው ዝም ብሎ ተኝቷል።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ሽታው ከመኪናው ስንወርድ ተቀበለን። የትከሻውን አጥንት ስስበው ታጥቦ እንደተቀመጠ ንጹሕ ሆኖ ብቻውን ወጣ። በሁለት ሹካ ስነካው ሥጋው ክር ክር እያለ ተለያየ። ደሴ የቅርጫ ሥጋ ስናኝክ መንጋጋችን ይደክም ነበር፤ ይሄ ግን አፍ ውስጥ ይጠፋል።

ቀሲስ መልአኩ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ወልድያ ናቸው፤ ቪዛ ሲጠብቁ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው በሥራ ቀን በቫን የኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ። ቤታቸው የሚበሉት ባብዛኛው የቆርቆሮ ባቄላ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን ጸሎት አድርሰው በየማዕዘኑ ጸበል ረጩ። ከድስቱ ፊት ቆሙ።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«ድስት ናት አባቴ።»

«ድስት ከሆነች ይድረሳት» ብለው ረጯት።

ማዕዱን ባርከው በሉ። አንድ መንጋጋቸው ያማቸው ነበርና ሥጋ ፈርተው ነው የጀመሩት። «የማህሌት እናት፣ ይሄ ጥርስ አይጠይቅም» አሉኝ።

ማህሌት አፏን ሞልታ «እማ፣ ይሄ እንደ ስኩል ላንች ነው ቴስት የሚያደርገው» አለች።

«ዝም ብለሽ ብዪ።»

ቀሲስ ሳቁ። «እንዲህ የሚያበሏችሁ ከሆነ እኔንም አስመዝግቡኝ።»

ደግመው አነሡ፤ የተረፈውንም ቋጠርኩላቸው። አገር ከለቀቅሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ማክሰኞ ዕለት ሚስ ሊንዳ ደጃፍ ላይ አገኘችንና «ፖርኩ እንዴት ሆነላችሁ?» አለችኝ። «ቬሪ ጉድ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። ቤት ገብተን ማህሌትን ጠየቅኋት።

«ፖርክ ምንድን ነው?»

«ፒግ ነው እማ።»

ተቀመጥኩ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ስበላ አወቅሁ። ስኩል ላይ ጓደኛዬ አንዴ ሰጠችኝ።» ፊቴን አይታ ድምፅዋን ቀነሰች። «አንቺ የምታውቂ መሰለኝ። አሁን አሜሪካን ሆንን ብዬ ነው።»

ሚስ ሊንዳን አንድም ቀን አልወቀስኳትም። ያላትን ምርጥ ሥጋ ነው የሰጠችን። የምጠይቅበት አፍ ነበረኝ፤ አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ «ዝም በይ፤ ያልታወቀ ኃጢአት ኃጢአት አይደለም» አለኝ።

«አሁን ታውቋል።»

«እንግዲያው ፎርት ወርዝ ሄደሽ ለሌላ ቄስ ተናዘዢ።»

«ኃጢአቱ ያለው እሳቸው ሆድ ውስጥ ነው፤ ፎርት ወርዝ ምን ይሠራልኛል?»

እንዲህ እያልን የዳላስ በጋ ገባ። ሳልናዘዝ መቁረብ አልችልም፤ ለመናዘዝ ደግሞ መንገር ያለብኝ ለበሉት ለእሳቸው ነው። እሑድ እሑድ ማህሌትን ይዤ ከኋላ እቆማለሁ። «እማ፣ ዋይ አንቆርብም?» ትለኛለች። ቀሲስ ሊያቆርቡ ሲወጡ ዓይናቸው ይፈልገናል። እኔ መሬት አያለሁ።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አልቻልኩም። ሐምሌ መጨረሻ ደሴ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ እዚህ ከሙቀቱ የተነሣ የመኪና መሪ አይጨበጥም። በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ቫናቸው ውስጥ፣ ኤሲ ከፍተው፣ ቀሲስ አዳመጡኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ የቀደሱበትን ቆጠሩ፤ ሁለቱም እጆቻቸው አልበቁም።

ለእኔ ጾምና ስግደት ሰጡኝ። የራሳቸውን ነገር ወልድያ ላሉት የንስሐ አባታቸው ነገሩ፤ እሳቸውም ለአርባ ቀን ከመቅደስ እንዲወጡ አዘዟቸው። እኔ አልቅሼ «ለሰው እኔ እናገራለሁ» ስላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አትንገሪ አልልሽም። እኔ ግን አልናገርም። ይህን የሰማ ሰው ቤትሽ ውሃ አይጠጣም፤ ልጅሽም እዚሁ ነው የምታድገው።» አሁን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውን ለውጬዋለሁ።

ፍልሰታ በየቀኑ ቅዳሴ ነው፤ የቄስ መጉደል አይደበቅም። ቀሲስ መልአኩ ከምእመናን ጋር ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ሥር ይቆማሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ማውራት ጀመሩ።

«ቄሱን ምን ነካቸው?»

«ሴት ናት ይላሉ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ኤሲ አላቸው አይደል በቫኑ። አንድ ቀን ፓርኪንግ ላይ ሴት ይዘው ቆመው ነበር ተብሏል።»

«አፍሽን ያዢ፣ ጾም ነው።»

ሁሉም ሳቁ። በቫኑ ውስጥ የነበረችው ሴት እኔ ነኝ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሳህኑን ደግሜ አጠብኩት። ለቤቴ ስም ብለው የተሸከሙትን እያየሁ ዝም ያልኩበት ያ ቀን ከአሳማው ይልቅ ይከብደኛል።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«የማህሌት እናት ነሽ?»

«ነኝ።»

«ይርገዱ ነኝ፣ የቄስ መልአኩ ባለቤት።»

ብድግ አልኩ። «እትዬ ይርገዱ፣ እንደምን ነዎት? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። የንስሐ ልጃቸው ነሽ አሉኝ። እኅቴ፣ ከመቅደስ ወጥተዋል የሚል ወሬ እዚህ ድረስ መጣ። ስጠይቃቸው ‹የሰው ቤት የሚነካ ነገር ነው፣ አልናገርም› ይሉኛል። ሰዉ ደግሞ ሴት ናት ይላል። አንቺ እናት ነሽ፣ አትዋሺኝም።»

አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ልናገር፣ የመጣው ይምጣ አልኩ።

«ሴት አይደለም እትዬ። ሥጋ ነው።»

በር ሲዘጉ ተሰማኝ።

«የት ሆኖ?»

«እኔ ቤት ነው። እሳቸው ምንም አላጠፉም፤ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ በፋሲካ።»

«ባልሽስ ያውቃል?»

«ያውቃል። ዝም በይ ብሎኝ ነበር፤ እኔን ግን አላስቻለኝም።»

ከዚያ ቀስ ብለው «ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝ። ስልኩ ተዘጋ።

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ። ወደ ማድቤት ገባሁ። ባለቤቴ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ቆሟል።

«ማን ነበር?»

«የቀሲስ ባለቤት። እውነቱን ነገርኳቸው።»

«አሳማ አልሻቸው?»

«ያን ቃልማ በቄስ ስም ላይ እንዴት አወጣዋለሁ?»

«እና ምን አልሻቸው?»

«ሥጋ ነው አልኳቸው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠና አየኝ። የተናገርኩትን በእሳቸው ጆሮ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰማሁት። እኔ ቤት። ያቀረብኩት እኔ። አንድ ጊዜ ብቻ። ባሌ ያውቃል።

ደወልኩ፤ ዝግ ነው። በድምፅ መልእክት «እትዬ፣ የሚበላ ሥጋ ነው፣ የአሳማ» ብዬ ላክሁ፤ አልደረሳቸውም። ሰኞም ደወልኩ፤ ማክሰኞም። የቀሲስን ቁጥር ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ረቡዕ ጠዋት ቀሲስ ራሳቸው ቀድመው ደወሉልኝ። ከኋላቸው የመኪና ድምፅና ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ይሰማል።

«የማህሌት እናት፣ ባለቤቴ ሦስት ቀን ስልክ አላነሣችም። ልጆቹም ‹እናታችን ተኝታለች› ነው የሚሉኝ። ታማብኝ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። አንቺ እዚያ የሚያውቃት ሰው አለሽ?»

«እየነዱ ነው አባቴ?»

«አዎ፣ መንገደኛ ይዣለሁ። ኤርፖርት ልደርስ ነው።»

«ሰዎቹን ያውርዱና መኪናውን ዳር ይዘው ይደውሉልኝ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ?»

«ያውርዷቸው አባቴ።»

ሥራ አርፍጄ ነበር። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ ስልኩን ይዤ እስኪደውሉልኝ በሩ አጠገብ ቆምኩ።