ዳንቴል የለበሰው ሃርድ ዲስክ

የባለቤቴ ታላቅ እህት ለልጄ ሠርግ ከአርሲ ነገሌ ሲመጡ፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ድምፁ አለ ወይስ እሱንም ገደልሽው?» አሉኝ።

ድምፁ ያሉት ባለቤቴ ከማረፉ በፊት ለልጃችን የተወላትን ምርቃት ነው። ሕመሙ ሲጠናበት፣ የሕንፃ ንድፍ ይሠራበት ከነበረው ትልቅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ራሱን ቀረጸ። በሠርጓ ቀን አዳራሹ ውስጥ እንዲታይ ነው። ያለው በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ለመክፈት አቅም አልነበረኝም። አሁን ግን ሠርጉ እሑድ ነው።

በማግስቱ ሰካሁት። የዲስኩ መብራት በራ፤ ኮምፒውተሩም አየው። ምስሉን ስከፍት ባለቤቴ «ልጄ» አለ። ሁሉ ነገር ጠፋ።

ልጄ ከአዲስ አበባ በስልክ፣ «እማ፣ የኮምፒውተሩን የፊት ቀዳዳ ተዪው፣ ከጀርባው ሰኪው። አሮጌ ስለሆነ የፊቱ ኃይል አይበቃውም» አለችኝ። በዚያ የናዝሬት ሙቀት ጠረጴዛ ስር ገብቼ፣ አቧራውን ጠርጌ ከጀርባው ሰካሁት። «ልጄ» አለና ጠፋ። ገመድ ቀየርኩ። ጠፋ። የቤቱ መብራት እየዋዠቀ ይሆናል ብዬ ፍሪጁን ነቀልኩ። ጠፋ።

«ሱቅ ልውሰደው» አልኩ።

«የወንድሜ ድምፅ በሰው እጅ አይዞርም።»

«እንግዲያው ይጸልዩልኝ።»

«ጸሎተኛዋስ አንቺ ነሽ። እስቲ ጸልየሽ አስነሺው። ወንድሜን ግን አላስነሣሽውም።»

መልስ ነበረኝ። ጌታ አፌን ስለያዘልኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ተመልሼ ተንበረከክሁ። ገመዱ ሃርድ ዲስኩ ላይ የሚገባበትን ጫፍ በአውራ ጣቴ ስጫነው መብራቱ ጸና። ስለቀው ብልጭ ድርግም አለ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ጸና። ያኔ ዳንቴሉን አየሁት።

እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ የሶፋው ክንድም ዳንቴል ለብሷል። የባለቤቴ እህት ለኀዘን ተቀምጠው በነበሩበት ጊዜ ለሃርድ ዲስኩም ሠሩለት። ነጭ ነው፣ ጠርዙ አረንጓዴ፤ እንዳይወልቅ ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው ሰፍተውታል። ለገመዱ ቀዳዳ ትተውለታል። የቀዳዳው ጠርዝ ግን ወፍራም ስለሆነ ገመዱ እስከ ጥጉ እንዳይገባ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

መቀስ አመጣሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ገመዱን የሚገፋው ዳንቴሉ ነው፣ እትዬ።»

«ያ ዋቃ! ዳንቴል ነው ኮምፒውተር የሚያበላሸው? ድሮም የእጄን ሥራ አትወጂም። ያ የሰጠሁሽ የአልጋ ልብስ የት ገባ?»

«ትላንት ለብሰውት አደሩ።»

«ቁረጪ እንግዲህ። ካልሠራ ግን ሠርጉ ላይ አልቆምም፤ በጠዋት መኪና እመለሳለሁ» አሉ።

ቆረጥኩት። ገመዱ ቀጭ ብሎ ገባ። ከመክፈቴ በፊት ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አደረግሁት። እስኪያልቅ ሁለታችንም መብራቱን ስናይ ቆየን። አልጠፋም።

ከዚያ ከፈትኩት። «ልጄ» አለ። ሳል ያዘው፤ ውኃ ጠጣ። «ቤትሽ እንግዳ አይታጣበት» ብሎ መረቀ፤ ሌላም ብዙ አለ። እጆቼን ወደ ላይ አነሣሁ። እሳቸው ከኋላዬ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ።

ዕንባቸውን ጠርገው የተቆረጠውን ዳንቴል ከመሬት አነሡ። «ሠርጉ ሲያልፍ መልሼ እሰፋዋለሁ።»

«አይሰፉም፣ እትዬ። ሰፍተው ገድለውት ነበር።»

በዚህኛው ጊዜ ጌታ አፌን አልያዘልኝም።

እሑድ ምርቃቱ እስከ መጨረሻው ታየ። እትዬ ከጎኔ የተያዘላቸውን ወንበር ትተው ከኋላ ተቀመጡ። አልሄዱም ግን። ለዚያም ጌታን አመሰግነዋለሁ።