ከሦስቱ ጠመንጃዎች አንዱ

ልጅ ሳለሁ፣ በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ በስዊድኗ ቴንስታ ሰፈር ክረምት ሲገባ ገና በዘጠኝ ሰዓት ይጨልም ነበር፤ በረንዳ ላይ የተሰጣው ሱሪዬ በብርድ ደርቆ በገዛ እግሩ ወደ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ የአባቴ አጎት አባባ ደምሴ፣ የወረቀት ኮከብ መብራት በተሰቀለበት መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ በሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ አንበሳ እንዴት እንደገደሉ ያወሩልን ነበር። ተኩሱ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው የሚበራውን ሻማ በጣታቸው ቆንጥጠው ያጠፉና፣ «ይኸውላችሁ ጭሱ! አንበሳው ከጀርባው ነው፤ ይውደቅ ይምጣ አይታወቅም» ይላሉ። ጭሱ በፊታችን እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ እስኪበተን እኔ ሶፋው ሥር ገብቻለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ታችኛው ፎቅ ለሚኖረው፣ የድሮ ጠመንጃ ለሚሰበስበው አዳኝ ለስቬን ነገርኩት። አንበሳውን ሁለት አድርጌ ብነግረው ሳቀብኝ። «እንግዲያው ሽማግሌው ይምጡና ለጥንቸል አደን የሚሆነኝን ይምረጡልኝ» አለ። ደረጃውን ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ አባባ ከተሳሳቱ ያ ሁሉ ምሽት ውሸት ሊሆንብኝ ነው።

ስቬን ጠረጴዛው ላይ ከደረደራቸው ሦስት ጠመንጃዎች ረጅሙን፣ በብር ያጌጠውን አንስቶ በስዊድንኛ አንበለበለው።

«ምን ይላል?» አሉ አባባ።

«ምርጡ ይሄ ነው ይላል። ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ነው የኖረው።»

«ግድግዳ ሊያድንበት ከሆነ ይሁና!»

ይህን አልተረጎምኩም።

ከዚያ ወሬያቸውን ትተው ጠመንጃው ላይ ጎንበስ አሉ። ሌላ ጊዜ እንቅልፍ ወስዷቸው እንኳ ያወሩ ነበር። ከሥሩ የተሰካውን የባሩድ መጠቅጠቂያ ዘንግ መዘው በአፈሙዙ ሰደዱ፤ አልሄድ ሲል አፉ ላይ በአውራ ጣታቸው ያዙት፤ አውጥተው በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጀምረው ለኩት። ባሩዱን እሳት የሚነካበት ቀዳዳ ጋ ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው ቆመ።

«ልጄ፣ አፈሙዙን ከኛ ያዙር በለው። ዘንጉን ያገደው ባሩድና እርሳስ ነው፤ ይሄ እንደጎረሰ ነው።»

ስነግረው ስቬን ከውጭው በረዶ ይበልጥ ነጣ። ጠመንጃው መቶ ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ሆኖ የቤተሰቡ ሶፋ ላይ አነጣጥሮ ኖሯል!

አባባ የቀሩትን ሁለቱንም እንዲሁ ለኩ፤ ባዶ ነበሩ። አጭሩንና ጌጥ የሌለውን አንስተው የኔን ጣት ቀዳዳው ላይ አስቀመጡና በአፈሙዙ እፍ አሉ። ትንፋሻቸው ያን ሁሉ ብረት አቋርጦ፣ ሞቅ ብሎ ጣቴን ነካኝ።

«ይሄን ይያዝ። አንዴ ነው የሚተኩሰው፤ ቢስት ጥንቸሏ እስኪያጎርስ ቁጭ ብላ አትጠብቀውም። ይቅረብ፣ ትንፋሹን ይያዝ፣ ከዚያ ይተኩስ።»

ስቬን ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እስቲ ስለ አንበሳው ጠይቅልኝ» አለ።

«የቱ?» አሉ አባባ። «ከአራቱ?»

ስለ አንበሶቹ እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሁን እኔም ሸብቼ ለልጆቼ ሳወራ ጠመንጃዎቹ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ ስቬንም ራሱን ስቶ ይወድቃል። በዘንጉ አራት ጣት ላይ ግን አንዲት ጣት ጨምሬ አላውቅም።